የርካሹ መጋዝ ጉልበት የት ነው የሚፈሰው?

እንደምን ናችሁ! ጠረጴዛው ላይ ያለችውን አያችኋት? ብርቱካናማዋን የሞተር መጋዝ፣ የቻይናዋን፣ ጎኗ ላይ «58 ሲሲ» የተለጠፈባትን። ተለጣፊውን ተዉት። የሲሊንደሩ ውስጥ ስፋት 45፣ የፒስተኑ ምልልስ 34 ሚሊሜትር ከሆነ የሞተሩ ይዘት ሒሳብ 54 ሲሲ ነው የሚወጣው። ለ4 ሲሲ አንጣላም። የሚያጣላው፣ ያለችው 54 በሙሉ ትሠራለች ወይ? የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ አትሠራም።

አንጥረኛ ሲሠራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብረቱን ተዉትና ወናፉን ተመልከቱ። የፍየል ቆዳ ነው፣ ስልቻ። ሰውየው አፉን በእጁ ከፍቶ ወደ ላይ ይስበዋል፤ አየር ይገባል። አፉን ጨብጦ ይዘጋና ወደ ታች ይጫነዋል፤ አየሩ በቱቦው ሄዶ ፍሙን ያነደዋል። ከፍቶ መሳብ፣ ዘግቶ መጫን። ከፍቶ መሳብ፣ ዘግቶ መጫን። ቱ ስትሮክ ሞተር ማለት ይኸው ነው! ከፒስተኑ ሥር ያለው ክፍል ስልቻው ነው። ፒስተኑ ሲወጣ ቤንዚንና አየር ከሚቀላቅለው ካርቡሬተር ይስባል። ሲወርድ ቀሚሱ፣ የፒስተኑ የታችኛው ግድግዳ፣ መግቢያውን ይደፍነዋል፤ የአንጥረኛው እጅ በሉት። ከሥር የታመቀው ደግሞ በጎን መተላለፊያዎቹ ወደ ላይ ይሄዳል።

ስልቻው ቢቀደድስ? የአንጥረኛው እሳት ይደክማል፣ ሰውየው ይራገማል፣ አለቀ። የመጋዟ ይብሳል። ስትስብ በቀዳዳው ባዶ አየር ይገባል፤ ቤንዚኑም ዘይቱም ያንሳል፣ ሙቀት ይነሳል፣ ፒስተኑ ይፋቃል። ስለዚህ ሞረድ ከማንሳታችሁ በፊት ስልቻውን ፈትሹ።

ማርሚታውን፣ የጭስ ማፈኛውን ማለት ነው፣ እና ካርቡሬተሩን ፍቱ። ከአሮጌ ከመነዳሪ ሁለት ቁራጭ ቆርጣችሁ በሁለቱ ቀዳዳዎች ላይ አድርጉና መልሳችሁ እሰሩ። ፒስተኑን ወደ ታች አውርዱ፤ በካንዴላው፣ በእሳት ሰጪው፣ ቀዳዳ ግማሽ ባር ግፊት ስጡ። ከዚያ አይለፍ፣ ኦይል ሲል የሚባለው የማሸጊያ ቀለበት ከቦታው ሊወጣ ይችላል። የግፊት መለኪያው ዝም ካለ ደግ። ከወረደ የሳሙና ውኃ ቀቡ፤ ከቮላኖው (ከሚሽከረከረው ከባዱ ጎማ) ኋላ፣ ከፍሪሲዮኑ (ሰንሰለቱን ከሞተሩ ጋር ከሚያያይዘው) ኋላ፣ የካርቡሬተሩ ጎማ አንገት ላይ፣ የሲሊንደሩ እግር ላይ። አረፋ ያለበት እሱ ነው። ቀጥሎ በመሳቢያ ፓምፕ ተቃራኒውን ሞክሩ፤ ግፊት የቻለ ኦይል ሲል አየር ሲሳብበት የሚያፈስበት ጊዜ አለ። ብዙ ሰው ይህን ይዘላል። አትዝለሉ።

አሁን ወደ ጉልበቱ፣ ቶሎ ቶሎ እንሂድ። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከሲሊንደሩ ጣሪያ ጋር የሚቀረውን ክፍተት እንለካ። 1.5 ሚሊሜትር ስታኞ፣ ለስላሳውን የኤሌክትሮኒክስ መበየጃ ሽቦ፣ በካንዴላው ቀዳዳ አስገቡ፤ በፒስተኑ ፒን አቅጣጫ ግድግዳውን ይንካ። ቮላኖውን በእጅ አዙራችሁ ጫፉን አስጨፍልቁና በካሊፐር ለኩ። በሌላው ጎንም ድገሙት። ከሁለቱ ትንሹን ያዙ። 1.1 ካገኛችሁና የሲሊንደሩ እግር ጋስኬት 0.5 ከሆነ፣ ጋስኬቱን አውጥታችሁ ቤንዚንና ሙቀት በሚችል ማሸጊያ ስስ አድርጋችሁ ብትገጥሙ 0.6 ይቀራል። ጥሩ ነው። 0.9 ካገኛችሁ ግን ጋስኬቱን አትንኩት፤ ከ0.5 በታች ፒስተኑ ጣሪያውን ሊመታ ይችላል። ሲሊንደሩ ሲወርድ አንድ ነገር እዩ፤ ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ የቀሚሱ ጠርዝ የጭሱን መውጫ ከሥር እንዳይከፍተው። ከከፈተው ስልቻውን በገዛ እጃችሁ ቀደዳችሁት ማለት ነው።

ማርሚታ። የሲሊንደሩን የጭስ መውጫ ለኩ። 24 በ15 ቢሆን 360 ካሬ ሚሊሜትር ነው፤ የማርሚታው መውጫ የዚህን ሦስት አራተኛ ግድም ይበቃዋል። አንድ የ12 ሚሊሜትር ቀዳዳ 113 ብቻ ነው። በትራፓኖ የ14 አንድ ጨምሩ፤ ድምሩ 267 ይሆናል። ማርሚታውን ፈትታችሁ ብሱ፤ ብናኙ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ደህና ሁኚ መጋዝ! ቀዳዳው ወደ ፕላስቲኩ አይዙር፤ የብልጭታ ወንፊቱን መልሱ። ደረቅ ባህር ዛፍ ቅጠል ላይ ቆማችሁ ነው የምትቆርጡት።

ጭሱ ሲቀለው ሞተሩ ተጨማሪ ቤንዚን ይጠይቃል፤ ካርቡሬተሩ ላይ ያለው ኤች (H) የተባለው፣ ሙሉ ነዳጅ ሲሰጥ ቤንዚኑን የሚመጥነው ብሎን እዚህ ይመጣል። እዚህ ላይ ግን ከአስተያየት መስጫው ሳይሰለቸው የሚመላለስ ነገር አለ፦ «ዘይቱን ባበዛው ድብልቁ ይወፍራል፣ ሞተሩ ይቀዘቅዛል»። አይደለም! ወገን፣ አይደለም። ብሎኑ የሚያሳልፈው የፈሳሽ መጠን የተወሰነ ነው። ዘይት በጨመራችሁ ቁጥር የቤንዚኑን ቦታ ይወስዳል። ለ1 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊሊትር ብትጨምሩ ከሚገባው ፈሳሽ አንድ አሥራ አንደኛው ዘይት ነው፤ የሚነደው ቤንዚን አነሰ፣ ከአየሩ አንጻር ድብልቁ ሳሳ እንጂ አልወፈረም። ካንዴላው በጥላሸት ይሸፈናል፣ የጭስ መውጫው ይጠባል። ሞተሩን ማለስለስና ድብልቁን ማወፈር የተለያየ ነገር ነው። ለ1 ሊትር፣ ጥሩ የቱ ስትሮክ ዘይት ከሆነ 25 ሚሊሊትር፤ መመሪያው 25 ለ1 ካለ 40። የመኪና ሞተር ዘይትስ? አመዱ ፒስተኑ ላይ ይቀራልና ይቅርባችሁ። ይህን አሁንም የማያምን ጓደኛ ካላችሁ ቪዲዮውን ላኩለት፤ ሰብስክራይብም ያድርግ፣ ቅጣቱ ነው።

ወደ ብሎኑ። ኤልን (L፣ ለዝቅተኛው ዙር የሆነውን ብሎን) እና ኤችን ሳትጫኑ ዝጉና አንድ አንድ ዙር ክፈቱ። ላማው (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት) እና ሰንሰለቱ ታስሮ ሞተሩ ይሙቅ። ኤልን ነዳጅ ስትሰጡት ሳይንተባተብ እንዲነሳ አስተካክሉ። አየር ላይ ሙሉ ነዳጅ ስትሰጡ ድምፁ ትንሽ ይንተፋተፍ፤ እንጨት ሲነካ ይጥራ። አየር ላይ እንደ ፉጨት ከጮኸ ሳስቷል፤ ኤችን አንድ ስምንተኛ ዙር ወደ ግራ። እንጨት ውስጥም ከተንተፋተፈ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ትንሽ ወደ ቀኝ።

ይህ ማስተካከያ ግን ለሠራችሁበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። እዚህ ያስተካከላችሁትን መጋዝ ጭናችሁ ወደ አዋሽ ሰባት ብትወርዱ፣ 1,000 ሜትር ግድም፣ አየሩ ይወፍራል፤ ቤንዚኑ ግን ያው ነው። ሳስታ ትነዳለች። እዚያ ከመቁረጣችሁ በፊት ኤችን እንደገና በጆሮ አስተካክሉ፤ ወደ ግራ መሄድ ይፈልጋል። ካቻቢቴውን ቤት ረስታችሁ እንዳትሄዱ። የማርሚታውንም ብሎኖች ከመጀመሪያው ታንክ በኋላ፣ ሲቀዘቅዝ፣ ደግማችሁ አጥብቁ፤ ይላላሉ።