የባሕር ላቬንደርን ለመለየት ጎንበስ በሉ

ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ስለ አንዲት አበባ ብቻ ነው የማወራው፣ ስለ ባሕር ላቬንደር። ሳይንሳዊ ስሟ ሊሞኒየም ካሮሊኒያነም ነው። ከምሥራቅ ካናዳ እስከ ፍሎሪዳ፣ አልፎም በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ፣ ባሕሩ ሲሞላ ውኃ በሚገባበት፣ ሲጎድል ደግሞ ጭቃው በሚቀርበት ጨዋማ ረግረግ ውስጥ በራሷ ትበቅላለች።

ብዙ ሰው በቀለሟ ሊለያት ይሞክራል። እኔ ቀለም ብቻውን አላምንም። በበጋው መጨረሻ እዚያው ረግረግ ውስጥ አስተር የሚባሉ ፈዛዛ ሐምራዊ አበቦችም ያብባሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ጎንበስ በሉና ከሥሯ ጀምራችሁ እዩ። ቅጠሎቿ ሁሉ እታች ተሰብስበው ዙሪያውን ተዘርግተዋል። ወፈርና ጠንከር ያሉ፣ ወደ ጫፋቸው ሰፋ የሚሉ ናቸው። ከመሐላቸው የሚወጣው አገዳ ቅጠል የለውም ማለት ይቻላል፤ ወደ ላይ ሲሄድ ግን ቅርንጫፉ እየበዛ፣ እየተበታተነ፣ ጥቃቅን አበቦች ይሸከምና ከሩቅ ሲያዩት ጭቃው ላይ ያረፈ ሐምራዊ ጭጋግ ይመስላል። አስተር ግን አገዳው ላይም ቅጠል አለው፣ የአበባውም መሐል ብዙ ጊዜ ቢጫ ነው። ደግሞ አሽትቷት። ላቬንደር የሚባለው መዓዛማ ተክል ሽታ የላትም፤ ዘመዳሞች አይደሉም።

እኔን በጣም የሚገርመኝ የጨው ነገር ነው። ሌላውን ተክል የሚገድል ጨው እሷ ውስጥ ይገባል፣ ቅጠሏ ላይ ያሉ ጥቃቅን ዕጢዎች ደግሞ መልሰው ያስወጡታል። ዝናብ በሌለበት ቀን ቅጠሏ ላይ ነጫጭ የጨው ቅንጣት ልታዩ ትችላላችሁ። ይሄ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፣ አጠገቧ ያለው ስፓርቲና የሚባለው ሣርም እንደዚሁ ያደርጋል።

እባካችሁ አትቁረጧት። አበባዋ ካለፈ በኋላ ነጣ ያለው ስስ ሽፋን ሳይረግፍ ስለሚቆይ፣ ሰዎች ለቤት ማስጌጫ እያሉ ይለቅሟታል። ፍሬዋ ያለው እኮ እዚያው ሽፋን ውስጥ ነው! አገዳው ሲሄድ ዘሩም አብሮ ይሄዳል፣ እሷ ደግሞ ቶሎ የምታድግ ተክል አይደለችም። ለመለየት ፎቶ ይበቃል፦ የሥር ቅጠሎቹን፣ ሙሉ አገዳውን፣ አበባዋንም ቀረብ ብላችሁ አንሱ። ብቻ ከመሄዳችሁ በፊት ባሕሩ የሚሞላበትን ሰዓት እዩ፣ ውኃው ሲመለስ መውጫውን ሊዘጋባችሁ ይችላል።