ወጡ ቤት ነው፣ ሽታው ግን ወጥቷል

እንደምን አረፈዳችሁ፣ መምህራንና ተማሪዎች። ሀዋሳ ላይ ከምሳ በፊት ንግግር ማድረግ ከባድ ነው። የግማሻችሁ ልብ አሞራ ገደል፣ ዓሣው ጋ እንደሆነ አውቃለሁ። አላስረዝምም።

ከመብራት ቆጣሪ ልጀምር። ፍጆታችሁን በየሩብ ሰዓቱ በራዲዮ የሚልክ ቆጣሪ ተገጠመላችሁ እንበል። ምጣድ ሲሰካ ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣል። ያንን ያየ ሰው እንጀራ የምትጋግሩበትን ቀን፣ የምትተኙበትን ሰዓት፣ ቤቱ ባዶ የሚሆንበትን ሳምንት ያውቃል። ሌባ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ለዚህ መላ ተብሎ የመጣው ፌደሬትድ ለርኒንግ ነው። የጉግል ተመራማሪዎች በፈረንጆች 2016 ያስተዋወቁት ነው። ዳታው ወደ ሰርቨር አይሄድም፤ ከዳታ የሚማረው ፕሮግራም፣ ማለትም ሞዴሉ፣ ራሱ ወደ ቆጣሪው ይመጣል። ቆጣሪው እዚያው ይማርና የተማረውን ማስተካከያ ብቻ ይልካል። ሰርቨሩ የሁሉንም አማካይ ወስዶ አዲስ ሞዴል ያከፋፍላል።

እኔም ይህን ስሰማ ተገላገልን ብዬ ነበር። በ2019 ግን የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ የኤምአይቲ ሰዎች ጉድ አሳዩ። ከተላከው ማስተካከያ ብቻ ተነስተው ማሽኑ የተማረበትን ፎቶ መልሰው አወጡት። እንደ በዓል ዶሮ ወጥ ነው። ድስቱ ከቤት አልወጣም፣ ጎረቤት ግን ምን እንደተሠራ ያውቃል።

ታዲያ ሽታውን እንዴት እንያዘው? ሰርቨሩ የሚፈልገው አማካዩን እንጂ የእያንዳንዱን ቆጣሪ ማስተካከያ አይደለም። ሦስት ጓደኛሞች ደሞዛቸውን ሳይነጋገሩ አማካዩን ማወቅ ፈለጉ እንበል። የእኔ 9,000፣ የአንተ 12,000፣ የእሷ 15,000 ነው። እኔና አንተ በጆሮ 700 ተባባልን፤ እኔ እደምራለሁ፣ አንተ ትቀንሳለህ። አንተና እሷ 400፤ አንተ ትደምራለህ፣ እሷ ትቀንሳለች። እኔና እሷ 1,500፤ እኔ እደምራለሁ፣ እሷ ትቀንሳለች። ጮክ ብለን የምንናገረው 11,200፣ 11,700 እና 13,100 ይሆናል። የማንም ደሞዝ አይደለም። ድምሩ ግን ልክ 36,000 ነው። (ሁለታችን ከተመሳጠርን የሦስተኛዋን እናገኛለን። ስለዚህ ብዙ ሰው ያስፈልጋል።)

አሁን መብራት ጠፋና የእሷ መሣሪያ ሳይልክ ቀረ። 400ውና 1,500ው የሚያጣፋቸው አጡ፤ ድምሩ ተበላሸ። በ2017 የወጣው የጉግል ፕሮቶኮል አብዛኛው ድካሙ እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ምስጢሩን አስቀድሞ ቆራርሶ ለሌሎቹ ያከፋፍላል። የጠፋ ሲኖር በቂ ሰዎች ቁራሾቹን ገጣጥመው ከእሱ ጋር በጆሮ የተባባሉትን ቁጥር ከድምሩ ያነሳሉ። መብራት በሚሄድበት አገር ለምንሠራ ሰዎች ይህ ትርፍ ነገር አይደለም።

ስልክ ላይ ይህ ሁሉ ይሠራል። በባትሪ የሚኖር ሴንሰር ላይ ግን ራዲዮው አይችለውም። ሎራዋን የሚባለው፣ በትንሽ ባትሪ ሩቅ የሚልከው የሴንሰር ራዲዮ፣ በአውሮፓ ደንብ፣ በዝግተኛው ፍጥነት፣ በአንድ መልእክት 51 ባይት ብቻ ይሸከማል። 10,000 ቁጥር ያለው ትንሽ ሞዴል፣ ቁጥሩ በ4 ባይት ቢያዝ፣ 785 መልእክት ይፈጃል። ያውም ለአንድ ዙር!

ያለው መውጫ ትልልቆቹን ለውጦች ብቻ መርጦ መላክ ነው። ግን ጣጣ አለው። እኔ አምስተኛውን ቁጥር ልኬ አንተ ዘጠነኛውን ከላክህ፣ የደመርኩትን የሚቀንስልኝ የለም። ቁጠባውና ምስጢሩ ተጣሉ ማለት ነው። አንደኛው ማስታረቂያ ሁሉም በዚያ ዙር የሚልኳቸውን ቦታዎች አስቀድሞ በጋራ ዕጣ ማውጣት ነው። ዕጣው ጠቃሚውን ቁጥር ሊስት ይችላል፤ ምን ያህል እንደሚጎዳ በእውነተኛ የቆጣሪ ዳታ መለካት አለበት። የመመረቂያ ሥራ ርዕስ ያጣችሁ ካላችሁ፣ ከምሳ በኋላ በር ላይ አለሁ።