ስሙን የሰጠን አገር

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ ስለ ቱኒዚያ ነው የማወራችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳትሳሳቱብኝ።

ለሥራ ሄጄ ጥቂት ቀን ዋና ከተማዋ ቱኒስ ሰንብቻለሁ። ገና የመጀመሪያው ቀን ባለታክሲው በመስታወቱ አየኝና «ከአፍሪካ ነህ?» አለኝ። በክፋት አልነበረም፣ ሊያጫውተኝ ፈልጎ ነው። እኔ ግን ቃል ጠፋኝ። አፍሪካ የሚለው ስም እኮ የመጣው ከዚያው ከእሱ አገር ነው! ሮማውያን በ146 ከክርስቶስ ልደት በፊት ዛሬ ቱኒስ ባለችበት አጠገብ የነበረችውን የካርቴጅን ከተማ አፈራርሰው የያዙትን ግዛት አፍሪካ አሉት፤ ዓረቦቹም ሲመጡ ኢፍሪቂያ ብለው ያዙት። ከዚያ ነው ስሙ እየሰፋ እየሰፋ ሄዶ እኛንም ያካተተው።

አገሪቱ ትንሽ ናት። በአልጄሪያና በሊቢያ መሀል ያለች፣ ሕዝቧ 12 ሚሊዮን አካባቢ የሆነ። ሰሜኑ ለም ነው፣ ከዚያ ወዲህ ዓይን እስኪደክም የወይራ ዛፍ፣ ደቡቡ ሰሃራ። አብዛኛው ሰው ሙስሊም ነው፤ ጄርባ በምትባለው ደሴት ላይ ግን እስከ ዛሬ አይሁዶች አሉ። ቋንቋቸው ዓረብኛ ነው፤ ከ1881 እስከ 1956 ፈረንሳይ ስለገዛቻቸው ፈረንሳይኛውም አብሮ ይሄዳል። ነጻ በወጡ በአምስት ወራቸው፣ በኋላ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንታቸው በሆኑት በቡርጊባ ጊዜ፣ አንድ ወንድ ሁለት ሚስት እንዳያገባ በሕግ ከለከሉ። በ1956 ነው ይሄ! ሳስበው አሁንም ይገርመኛል።

ምግባቸውን ሳልነግራችሁ አላልፍም። አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ መዲና የሚሉት ሰፈር፣ አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ገባሁ። ገና ሳላዝዝ ዳቦና አንድ ትንሽ ሳህን ቀረበልኝ። ሐሪሳ ነው። ደረቅ ቀይ በርበሬ ከነጭ ሽንኩርትና ከድንብላል ጋር ተፈጭቶ፣ ላዩ ላይ የወይራ ዘይት ፈሶበት፣ ዳር ዳሩን ወይራ ተደርድሮበት። በዳቦ ጠቅሼ ስቀምሰው አዋዜ ትዝ አለኝ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሳመሰግናቸው ባለቤቱ «ዓይሼክ» አሉኝ። ትርጉሙን ስጠይቅ ለካ እኛ «ያኑርህ» የምንለው ነው።

በ2010 ዲሴምበር ሲዲ ቡዚድ በምትባል ከተማ ራሱን ያቃጠለው ወጣት፣ ሞሐመድ ቡዓዚዚ፣ በጋሪ ፍራፍሬ የሚሸጥ ልጅ ነበር። የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ሸቀጡንና ሚዛኑን ወሰዱበት። ሕዝቡ በቁጣ አደባባይ ወጣ፤ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ 23 ዓመት የገዙት ፕሬዚዳንት ቤን ዓሊ አገር ጥለው ወጡ።

እንዲህ ያለ ሕዝብ ነው። ለዚህም ነው የ2023ቱ ነገር የሚያመኝ። ቱኒዚያ ባርነትን የከለከለችው በ1846 ነው፣ ፈረንሳይ ራሷ በመጨረሻ ከመከልከሏ ሁለት ዓመት ቀድማ። በ2018 ደግሞ ዘረኝነትን የሚቀጣ ሕግ አወጣች። ከዚያ ፌብሩዋሪ 2023 ላይ ፕሬዚዳንቱ ከሌላው አፍሪካ የመጡ ጥቁር ስደተኞችን የሚወነጅል ንግግር አደረጉና ሰዎቹ ከተከራዩት ቤት ከነልጆቻቸው ተባረሩ፣ መንገድ ላይ ተደበደቡ፤ ጊኒና አይቮሪ ኮስት ዜጎቻቸውን በአውሮፕላን ወሰዱ። ሕግ ወረቀት ላይ ስለተጻፈ ብቻ ሰው አይጠብቅም። ይህን ሳልናገር ስለ ሐሪሳ ብቻ ባወራላችሁ ደግሞ ከዳኋችሁ ማለት ነው።

ወደ ምግብ ቤቱ ልመለስ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው አበበ ቢቂላ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን «ማሞ!» አሉ። ማሞ ወልዴን ነው እኮ! የሜክሲኮ ኦሎምፒክ፣ 1968፣ አሥር ሺህ ሜትር፦ ኬንያዊው ቴሙ አንደኛ፣ ማሞ ሁለተኛ፣ የእነሱ ጋሙዲ ሦስተኛ። ጋሙዲ ከቀናት በኋላ አምስት ሺውን አሸነፈ፣ ማሞ ማራቶኑን። ሽማግሌው ሦስት ጣታቸውን አንስተው ቴሙ፣ ማሞ፣ ጋሙዲ እያሉ ቆጠሩልኝ። ከዚያ ሐሪሳውን ወደ እኔ ገፋ አድርገው ዳቦ ቆረሱልኝ።