ቆጠራው አይቋረጥ

የተከበራችሁ የሐይቅና የዓሣ ሀብት ባለሙያዎች፣ መምህራንና ተማሪዎች፤

የአየር ንብረት ለውጥ በውቅያኖስ ፕላንክተን፣ ማለትም ከውሃው ጋር በሚንሳፈፉ ደቃቅ ዕፅዋትና እንስሳት ላይ ያደረሰውን እንድናገር ተጋብዣለሁ። ይህ ሊታወቅ የቻለው ግን ሳያቋርጥ የሚቆጥር ስለነበረ ነው፤ ዛሬ የምሟገተውም ለዚሁ ቆጠራ ነው።

እንግሊዛዊው የባሕር ተመራማሪ አሊስተር ሃርዲ ፕላንክተን ለመሰብሰብ የሠራውን መሣሪያ የንግድ መርከቦች በሰሜን ባሕር መጎተት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። ርዝመቱ አንድ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ7 እስከ 10 ሜትር ጠልቆ ይጎተታል። ውሃ የሚገባበት አፍ ጎኑ 1.27 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። መርከቡ ሲጓዝ ከኋላው ያለችው መዘውር እየዞረች በውስጡ ያለውን እንደ ወንፊት የሚያጠል የሐር ጥቅል ቀስ በቀስ ትስበዋለች። ፕላንክተኑ ሐሩ ላይ ይቀራል፤ ሌላ ሐር ይደረብበትና ሁለቱ አብረው ተጠቅልለው ፎርማሊን ውስጥ ይገባሉ። ላቦራቶሪ ሲደርስ ጥቅሉ ይቆረጣል፤ አንዱ ቁራጭ የ10 የባሕር ማይል ጉዞ ነው። መጀመሪያ የሐሩ አረንጓዴነት በአራት ደረጃ ይመዘናል፤ ቀጥሎ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል። የሐሩ ቀዳዳ 270 ማይክሮ ሜትር ስለሆነ ብዙ ደቃቅ አልጌ ያመልጠዋል። ቢሆንም አልቀየሩትም፤ ቢያጠብቡት የዘንድሮው ቁጥር ከአምናው ጋር አይነጻጸርም።

ሐሩ ያሳየው ምንድን ነው? ኮፔፖድ ከሚባሉት ደቃቅ የፕላንክተን እንስሳት አንዱ፣ ቀዝቃዛ ውሃ የሚወደው ካላነስ ፊንማርኪከስ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ በሰሜን ባሕር መንምኗል፤ ሙቀት የሚስማማው ካላነስ ሄልጎላንዲከስ ቦታውን ይዟል። አንዱ ሄዶ ሌላው ከመጣ ምን ጎደለ የሚል አይጠፋም። ወቅቱ ጎደለ! የኮድ ዓሣ ጫጩት የሚመገበው በጸደይ ነው፤ ፊንማርኪከስም የሚበዛው ያኔ ነበር። ሄልጎላንዲከስ የሚበዛው በመጸው ነው። ከልክ ያለፈ ማስገር ያዳከመውን ኮድ ይህ ደግሞ ከጫጩትነቱ መታው።

ሌላም አለ፤ የላይኛው ውሃ ሲሞቅ ክብደቱ ይቀላል፣ ከታችኛው ጋር አይደባለቅም፣ አልጌው የሚመገበው ናይትሬትና ፎስፌት ከታች ይቀራል። በታንጋኒካ ሐይቅም ይኸው ታይቷል።

እኛስ? መረብ ሐይቅ የሚወርደው ፕሮጀክት ሲኖር ብቻ ነው። በጀቱ ሲያልቅ ጀልባዋ ዳር ትታሰራለች፤ የናሙናው ፎርማሊን ተንኖ ጠርሙሱ ይደርቃል። ከዚያ «ጣና ተለውጧል ወይ?» ተብለን እንጠየቃለን። ከምን ጋር አነጻጽረን እንመልስ?

የምጠይቀው ለየሐይቁ ቋሚ ጣቢያ፣ የማይቀየር የመረብ ቀዳዳ፣ በየወሩ አንድ ዓይነት ቀንና ሰዓት ነው። ብዙዎቹ የፕላንክተን እንስሳት ቀን ወደ ታች ወርደው ማታ ስለሚወጡ፣ ሰዓቱ ከተዛነፈ ቁጥሩ ይዋሻል። ገንዘቡም ከመደበኛ በጀት ይመደብ።

አመሰግናለሁ።