በመጻጉዕና በደብረ ዘይት መካከል

(በድሬዳዋ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት የዐቢይ ጾም ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶቻችን ካህናት፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ወንበር አጥታችሁ ከኋላ የቆማችሁ ልጆችም ጭምር፣ እንደምን አመሻችሁ። ሙቀቱን አውቀዋለሁ። ቬንትሌተሩም ከእኛ ይልቅ ለጣሪያው የሚያዝን ይመስላል። ስለዚህ ወደ ነገሬ ልግባ።

የተሰጠኝ ርእስ «ንስሐ በመከራና በፍርድ ፊት» የሚል ነው። ልጆቹ አስበውበት ይሁን እንዲያው ገጥሟቸው አላውቅም፣ ቀኑን ግን በደንብ መርጠውታል። ባለፈው እሑድ መጻጉዕ ነበር። ነገ ደብረ ዘይት ነው። የዐቢይ ጾም 4ኛና 5ኛ ሰንበት። በመጻጉዕ 38 ዓመት አልጋ ላይ የከረመ በሽተኛ እናያለን። በደብረ ዘይት ደግሞ ጌታ በተራራው ላይ ተቀምጦ ስለ ዳግም ምጽአቱ ሲናገር እንሰማለን። አንዱ ስለ ሕመም፣ ሌላው ስለ ፍርድ። ዛሬ ማታ እኛ መካከላቸው ነን። እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው፤ መከራ ሲመጣ ንስሐ ግባ የሚባለው ማን ነው? መከራው የደረሰበት ነው ወይስ የሚያየው?

ሉቃስ ምዕራፍ 13ን እናንሣ። ሰዎች ወደ ጌታ ወሬ ይዘው መጡ። ጲላጦስ የገሊላን ሰዎች አስገድሎ ደማቸውን ከመሥዋዕታቸው ጋር ደባልቆታል። ወሬው ትኩስ ነው። ከወሬው ሥር ያለውን ነገር እናንተም ታውቁታላችሁ። «ምን ሠርተው ይሆን?» ነው። ጌታ ሳይጠይቁት መለሰላቸው። «ከገሊላ ሰዎች ሁሉ ይልቅ ኃጢአተኞች የሆኑ ይመስሉአችኋልን? እላችኋለሁ፥ አይደለም።» በዚህም አልበቃውም። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱትን 18 ሰዎች እርሱ ራሱ ጨመረበት። የመጀመሪያው ግፍ ነው፣ ሁለተኛው አደጋ። መልሱ ግን አልተለየም። «ንስሐ ባትገቡ ሁላችሁ እንዲሁ ትጠፋላችሁ።»

ስለ ሟቾቹ ሌላ ምንም አልጨመረም። ጥፋታቸውን አልዘረዘረም፣ ጻድቃን ነበሩም አላለም። ንስሐ ግቡ የተባሉት ወሬውን ያመጡት ናቸው። በእግራቸው የመጡት፣ ግንቡ ያልወደቀባቸው።

ይሄ ለድሬ ሰው የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም.። ቅዳሜ ለእሑድ ሌሊት ነበር። ወጣቶቹ ደቻቱን የምታውቁት ደረቅ አሸዋ ሆኖ ነው። ከከዚራ ወደ መጋላ ስትሻገሩ ወንዝ መሆኑም ትዝ አይላችሁም። ያን ሌሊት ግን ከላይ ከደጋው የወረደው ውሃ ሰው በተኛበት ደረሰ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቤት አልባ ሆነ። ሙስሊም ክርስቲያን ብሎ አልለየም።

ከዚያ በኋላ ምን ተባለ? «ይህቺ ከተማ ጭፈራ አብዝታ ነው፣ ቁጣ ነው» ያለ አልጠፋም። አቦ! እስቲ ወንዙ ዳር ይኖር የነበረው ማን ነው? አብዛኛው ሌላ ሰፈር ቤት መከራየት ያቃተው ነው። ከእናቱ ጉያ የተወሰደ ሕፃንስ የት ነው የጨፈረው? ጎርፉ ኃጢአተኛ ፍለጋ ወጥቶ ከነበረ መንገዱን ስቷል ማለት ነው።

ታዲያ በጎርፉ ውስጥ የንስሐ ጥሪ የለም ወይ? አለ እንጂ። ግን የተጠራነው እኛ ነን። ከላይ ያለውን ተራራ ያራቆተ የሰው እጅ ነው። በውሃው መሄጃ ላይ ቤት ሲሠራ ያየነው፣ አይተንም ያለፍነው እኛ ነን። ዛሬም ሲመሽ ቆሻሻውን በፌስታል ቋጥሮ ደቻቱ ውስጥ የሚወረውር ሰው በዚህ ጉባኤ ውስጥ የለም ብዬ አልምልም። የሞተውን ከመክሰስ የተረፈው ምን ያድርግ ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ቤተ ክርስቲያናችን ክፉ ቀን ሲመጣ ምሕላ የምታውጀው ለዚህ ነው። በምሕላ የምንለው «በደልን» ነው። «በደሉ» የሚል ምሕላ ሰምቼ አላውቅም። ነቢዩ ዳንኤልም በምርኮ አገር ሆኖ ሲጸልይ «ኃጢአትን ሠርተናል» ብሎ ራሱን ጨምሮ ነው የጸለየው።

አሁን ግን ከመካከላችሁ መጽሐፍ የሚያውቅ ሰው እጁን ሊያወጣ ይችላል። «መጻጉዕንስ ምን ልታደርገው ነው?» ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው። ጌታ መጻጉዕን ከፈወሰው በኋላ በመቅደስ አግኝቶ «ከዚህ የሚብስ እንዳይደርስብህ ወደ ፊት ኃጢአት አትሥራ» ብሎታል። ዮሐንስ ምዕራፍ 5። ስለዚህ ሕመም ከኃጢአት ጋር ፈጽሞ አይገናኝም ብንል መጽሐፉን መካድ ይሆናል። ወዲያው ደግሞ በምዕራፍ 9 ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ሲጠየቅ «እርሱ ወይም ወላጆቹ ኃጢአት አልሠሩም» ይላል። በአንድ ወንጌል ውስጥ ሁለቱም አሉ።

እንዴት ይታረቃሉ? እኔ የሚታየኝ እንዲህ ነው። ለመጻጉዕ የተነገረው ለራሱ ነው፣ ለብቻው ነው፣ ያውም ከዳነ በኋላ ነው። ልብ በሉ፣ አልጋው ላይ ሳለ የተጠየቀው «ልትድን ትወዳለህን?» ብቻ ነበር። ምክሩ የመጣው ተነሥቶ ከሄደ በኋላ ነው። ስለ ዕውሩ የጠየቁት ደቀ መዛሙርት ግን ሰውየው እዚያው እየሰማ በእርሱ ላይ ነገረ መለኮት ሊማሩበት ፈለጉ። ጌታ ያንን አልፈቀደም። ሰው ሕመሙን አይቶ ራሱን ቢመረምር ደግ ነው፣ የቅዱሳንም መንገድ ነው። ሌላው መጥቶ ሲመረምርለት ነው ነገሩ የሚበላሸው።

የባሰውስ ምንድን ነው? ከ38 ዓመት አልጋ የሚብስ በሽታ አለ? አባቶቻችን ሲያስተምሩ ያ ሰው ኋላ ጌታ በተያዘ ጊዜ በጥፊ የመታው ነው ይላሉ። የዳነ እጁን በአዳኙ ላይ አነሣ። እንግዲህ የባሰው ከሥጋ ሕመም ሌላ ነገር ነው። ጤና አግኝቶ ልብ መጥፋት ነው።

ስለ ኢዮብ ጥቂት ልበል። ሦስቱ ወዳጆቹ መጀመሪያ የሠሩት ሥራ ግሩም ነበር። 7 ቀንና 7 ሌሊት አጠገቡ መሬት ላይ ተቀምጠው አንድ ቃል አልተናገሩም። ችግሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ጀመረ። ንጹሕ ሰው ጠፍቶ አያውቅም፣ ስለዚህ አንድ ያደረግኸው ነገር አለ፣ ተናዘዝ አሉት። የሚሉት ሁሉ መንፈሳዊ ይመስላል። ዛሬ ስብከት ቢሆን «አሜን» እንልላቸው ነበር። በመጨረሻ ግን እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ላይ ነው። 7 ወይፈንና 7 አውራ በግ ይዛችሁ ወደ ኢዮብ ሂዱ፣ እርሱ ይጸልይላችሁ ተባሉ። ኢዮብም በአመድ ላይ ተጸጽቷል፣ እሱን አልሸሽግም። ግን የተጸጸተው ስለማያውቀው ነገር በመናገሩ ነው። እነሱ የለጠፉበትን ክስ አንዱንም አልተቀበለም።

እኛ ሰፈር የኢዮብ ወዳጆች ብዙ ነበሩ፣ አሁንም አሉ። ኤች አይ ቪ ቤት ለቤት በገባበት ዘመን የታመመ ሰው ጥየቃ ሄደን ከአልጋው ራስጌ ምን እንንሾካሾክ እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ሰዉ ከበሽታው እኩል አፋችንን ይፈራ ነበር። ባሏ ያመጣባት ሴት፣ ሲወለድ የያዘው ሕፃን፣ ሁሉም በአንድ ስም ይጠራ ነበር። በዚያ ነገር ንስሐ መግባት የነበረበት ጠያቂው ነው።

እሺ፣ ንስሐው የእኛ ነው እንበል። ምን እናድርግ?

ነነዌን እዩ። በየዓመቱ 3 ቀን እንጾምላታለን። ንጉሡ ማቅ ለበሰ፣ አመድ ላይ ተቀመጠ፣ እንስሳው ሳይቀር ጾመ። መጽሐፉ እግዚአብሔር ምን አየ ይላል? ማቁን አየ አይልም። ከክፉ መንገዳቸው መመለሳቸውን፣ ሥራቸውን አየ ይላል። ንጉሡም ሲያውጅ በእጃቸው ካለው ግፍ ይመለሱ ነው ያለው። በእጃቸው ካለው! ግፍ እጅ ላይ ይቀራል። ዘኬዎስ ይህ ገብቶታል። ጌታ ቤቱ ሲገባ ከሀብቴ እኩሌታውን ለድሆች፣ በሐሰት የወሰድሁትንም አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። የቀረጥ ሰብሳቢ ነውና ሒሳቡን ያውቃል።

ስለዚህ ወደ ንስሐ አባታችን ስንሄድ «አባ፣ ያው እንደ ሁሉም ሰው ኃጢአተኛ ነኝ» ብለን በጅምላ አንገላገል። የቤት ሠራተኛችን ያልተከፈላት የስንት ወር ደሞዝ አለ? ሐዋርያው ያዕቆብ የተቀማ ደመወዝ ይጮኻል ይላል። ቀፊራ ገበያ ላይ ሚዛን የምትይዙ፣ ሚዛኑ እውነተኛ ነው? የአባት ቤት በስማችን አዙረን እህታችን ፍርድ ቤት ስትመላለስ የማሕሌት ሰዓት አናስታጉልም፤ ይህስ እንዴት ነው? የሰው ሐቅ ይዘን ስግደት ብናበዛ ጉልበታችን ነው የሚደክመው። አባቶች ቀኖና ሲሰጡ መጀመሪያ «መልስ» የሚሉት ለዚህ ነው።

ስለትም እዚህ ላይ ይነሣ። ቁልቢ ቅርባችን ነው፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 መንገዱን እናጥለቀልቀዋለን። ስለት አይከፋም፣ እኔም እሳላለሁ። ግን ስለት «ይህን ካደረግህልኝ» ይላል። ንስሐ «ካደረግህልኝ» የለውም። ልጄ ባይድንም፣ ብድሩ ባይሰረዝም፣ የወሰድኩትን እመልሳለሁ ነው የሚለው። መከራውን ለማስቆም የምንከፍለው ዋጋ ካደረግነው፣ መከራው ካልቆመ እግዚአብሔርን ባለዕዳ እናደርገዋለን።

አንድ ነገር ግን ላርም። መመለስ ብቻውን ንስሐ ቢሆን ይሁዳም ድኖ ነበር። 30ውን ብር መልሷል፣ «በድያለሁ» ብሏል። ወደ ካህናቱ አለቆች ሄደ እንጂ ወደ ከዳው ጌታ አልተመለሰም። ጴጥሮስ የመለሰው ገንዘብ የለም። ምርር ብሎ አለቀሰ፣ ከወንድሞቹ ግን አልተለየም፤ ጌታም እዚያው አገኘው። ኀዘናቸው ሳይለይ ያን ያህል መራራቃቸው ያስፈራኛል። ጸጸት ብቻውን ሰውን ወደ ገመድ ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ ጸጸት የያዘውን ሰው ብቻውን አትተዉት።

ስለ ፍርድ ብዙ አልልም፣ ነገ በቅዳሴው በሰፊው ትሰሙታላችሁ። አንድ ነገር ግን ያሳዝነኛል። ፍርድን ሰው ማስፈራሪያ ብቻ አድርገነዋል። በፍርሃት ብቻ የመጣ ንስሐ፣ ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ቀበቶ እንደሚያስር ሾፌር ነው። ፖሊሱን ሲያልፍ ይፈታዋል። ጌታ ግን ስለ ግንቡ ተናግሮ እንደጨረሰ ወዲያው ስለ በለስ ተናገረ። ሦስት ዓመት ፍሬ ያጣባት ባለቤት ቍረጣት አለ። አትክልተኛው «ዘንድሮ ደግሞ ተዋት» ብሎ ለመነ። ዝም ብለህ ተዋት አላለም። ዙሪያዋን እቆፍራለሁ፣ ፍግም አፈስባታለሁ አለ። ፍርዱ የዘገየው አንድ ሰው ሊደክምላት ስለ ተነሣ ነው። የተጨመረልን ዓመት እንዲህ የተገኘ ነው። በፍርድ ቀንም በማቴዎስ 25 የምንጠየቀው ያበላነውን፣ ያጠጣነውን፣ ታሞ የጠየቅነውን ነው። የታመመው ለምን ታመመ የሚል ጥያቄ እዚያ የለም።

ይህን ስል ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሕሙማንን ልትጠይቁ የተመዘገባችሁ ልጆች ትዝ አላችሁኝ። «ምን እንበላቸው?» ብላችሁኝ ነበር። ከኢዮብ ወዳጆች የመጀመሪያውን ሳምንት ብቻ ውሰዱ። ቁጭ በሉ። ያወሩ እንደሆነ ስሙ። «ንስሐ ግባ» አትበሉ፣ ካህን የሚፈልግ ራሱ ይነግራችኋል፤ የአባቶችን ስልክ ይዛችሁ ሂዱ። ሳሙናና ውሃ ያዙ፣ ብርቱካን ብትጨምሩ አይጠላም። የአስታማሚዋንም ስም ጠይቁ፣ ማንም አይጠይቃትም።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ከእናንተ ሁለታችሁ ከጥምቀት ጀምሮ አትነጋገሩም። ማን እንደሆናችሁ እናንተ ታውቃላችሁ፣ እኔም ሰምቻለሁ። መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ ተብሏል። ነገ አንድ ባጃጅ ላይ ጀርባ ተሰጣጥታችሁ በሽተኛ ጥየቃ አትሄዱም። አባቶች ከጉባኤው በኋላ እዚሁ አሉ፣ እኔም በሩ ጋ እጠብቃችኋለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።