ዝናሩን የታጠቀው ጠመንጃው ነው

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ድምፄ ትንሽ ከጎረነነ ይቅርታ፤ ትናንት ቀኑን ሙሉ ሬንጅ ነበርኩ። አዎ፣ የተኩስ ሜዳ። ባለቤቴ «ሰው ቅዳሜውን ቡና ይጠጣል፣ አንተ ባሩድ ታሸታለህ» ትለኛለች። መልስ የለኝም።

ዛሬ ስለ ሾትገን ነው የማወራችሁ፣ በአንድ ተኩስ ብዙ ፍሬ እርሳስ ስለሚተፋው ጠመንጃ። ስለ መተኮሱ ሳይሆን ስለ ማስጌጡ። ጠመንጃ የማትወዱ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ፤ አያቴ ጋ መድረሴ አይቀርም።

ያለሁት ዳላስ አካባቢ ነው። መጋዘን ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ አለ፤ እዚሁ ቴክሳስ ተወልዶ ያደገ፣ ሰባ ሊሞላው የተቃረበ። የዛሬ ሦስት ዓመት ከሥራ ስንወጣ «ና አንድ ነገር ላሳይህ» ብሎ ወደ ፒክአፑ ወሰደኝ። ከኋላ ወንበር ረጅም ቦርሳ አወጣና ዚፑን ቀስ አድርጎ ከፈተ። አራስ ጥየቃ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? እናትየዋ ጨርቁን ከሕፃኑ ፊት ላይ በሁለት ጣቷ ገለጥ ታደርግና የምታየው ሕፃኑን ሳይሆን የእናንተን ፊት ነው። ሰውዬው ልክ እንደዚያ ነው ያየኝ።

ሞስበርግ 590 የሚባል ሾትገን ነው። ጥቁር ነው፣ ግን ጥቁሩ ራሱ ብዙ ዓይነት ነው፤ የሰደፉ ሌላ፣ የአፈሙዙ ሌላ። ከሚሳበው እጀታ ጋር መብራት ተገጥሞለታል። ከላይ ሬድ ዶት አለ፣ ያቺ መስታወት ላይ ቀይ ነጥብ የምታሳየው ማነጣጠሪያ። በግራ ጎኑ ስድስት ጥይት ተደርድሮበታል፣ ቀይ በቀይ፣ ቂጣቸው ናስ። አፈሙዙን ደግሞ ከላይ የሚሸፍን ቀዳዳ ቀዳዳ ብረት አለው።

«ይሄ ወንፊት ምንድን ነው?» አልኩት።

ሽማግሌው ታሪክ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካኖች ዊንቸስተር 1897 የሚባለውን ሾትገን ፈረንሳይ ምሽግ ውስጥ ይዘው ገቡ። ሳንጃ ይሰካበታል። ሲተኮስበት አፈሙዙ ስለሚግል፣ በሳንጃ ሲዋጋ የወታደሩ እጅ እንዳይቃጠል ያንን ወንፊት አለበሱት። በሴፕቴምበር 1918 ጀርመን፣ ይህ መሣሪያ አላስፈላጊ ሥቃይ ያደርሳል፣ የሄግን የጦርነት ሕግ ስምምነት ይጥሳል ብላ በይፋ ተቃወመች። መርዝ ጋዝ ስትለቅ የኖረችው ጀርመን እኮ ናት! አሜሪካም አልተቀበለችውም።

እንግዲህ ያ ለወታደር እጅ ተብሎ የተሠራ ወንፊት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ካርቶን፣ 25 ጥይት ተኩሶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሽማግሌ ጠመንጃ ላይ ቁጭ ብሏል። «አንተስ ስትተኩስ ይግልብሃል?» ስለው ሳቀ። «አይግልም። ግን አያምርም?»

ያምራል። ምን ልዋሽ።

በወሩ የራሴን ገዛሁ። ሬሚንግተን 870፤ በፈረንጆቹ 1950 የወጣ፣ ከ10 ሚሊዮን በላይ የተሠራ፣ የሾትገን ቶዮታ በሉት። እጀታውን ወደ ኋላ ስትስበው ቀለሁን ይተፋል፣ ወደ ፊት ስትገፋው አዲስ ጥይት ያጎርሳል። በቃ። 4473 የሚባለውን የጠመንጃ ገዢ የፌዴራል ፎርም ሞላሁ፣ የትውልድ ቦታ በሚለው ላይ ኢትዮጵያ ብዬ ጻፍኩ፣ ማጣሪያው አለፈ፣ ይዤ ወጣሁ። አፈሙዙ 18 ኢንች ተኩል ነው። ተኩሏ በዋዛ አልተጨመረችም፤ ከ18 ኢንች ካነሰ በፈረንጆቹ 1934 የወጣው ሕግ ውስጥ ትገባለህ፣ ካላስመዘገብከው ወንጀል ነው። እዚህ አገር ጠመንጃ የሚያስጌጥ ሰው ሁሉ ሜትር ይዞ ነው የሚያስጌጠው።

ከዚያ ተጀመረ። መጀመሪያ ሰደፉን ቀየርኩ፤ ለክንዴ ረዝሞብኝ ስለነበር ይሄኛው ምክንያት አለው። ቀጥሎ መብራት። ቀጥሎ ማንገቻ። ቀጥሎ ሬድ ዶት። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ስደምረው ጌጡ ከጠመንጃው ዋጋ በልጧል። ባለቤቴ ጠረጴዛው ላይ አየችውና «መብራት አለው፣ ማንገቻ አለው፣ መስታወት አለው። የስኒ ማስቀመጫ ብቻ ነው የቀረው» አለች።

የመጨረሻው ነው ጉድ ያደረገኝ። ያ በጎን ጥይት የሚደረደርበት ነገር፣ ሳይድ ሳድል ይሉታል፤ የጎን ኮርቻ እንበለው። 870 ላይ ሲገጠም ምላጩን የያዙትን ሁለት ፒኖች አውጥተህ በነሱ ቦታ ብሎን ታስገባለህ። እኔ ደግሞ ብሎን ሳጠብቅ የኮምቦልቻን ዳገት የምወጣ ነው የሚመስለኝ። ጥርሴን ነክሼ አጠበቅኩት። ሬንጅ ሄድኩ፤ አንድ ተኮስኩ፤ እጀታውን ስስበው ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ወደዚህም የለ፣ ወደዚያም የለ። አጠገቤ ሰዎች አሉ፣ አንገቴ ድረስ ጋለኝ። ሽማግሌው መጣና አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞርኩ እንድይዝ ነገረኝ። ከኪሱ ትንሽ መፍቻ አወጣ፣ ሁለቱንም ብሎኖች ሩብ ዙር ሩብ ዙር አላላቸው። እጀታው እንደ ቅቤ ሄደ። «የጎማ ብሎን እኮ አይደለም» አለኝ። ለካ ስታጠብቀው የጠመንጃው ጎን ይጨመቃል፣ ውስጥ ያለው ብረት መሄጃ ያጣል። ጌጤ ጠመንጃዬን አንቆ ገድሎት ነበር ማለት ነው።

እ... አንድ ነገር ልናገር። አሜሪካ እንደገባሁ የመጀመሪያው ዓመት ጋዝ ስቴሽን ነው የሠራሁት፣ የሌሊት ሽፍት። አንድ ሌሊት አንድ ልጅ ሽጉጥ ደቀነብኝ። ፊቱን አላስታውሰውም። ሽጉጡን ግን አሁንም ሥዕሉን ልሠራላችሁ እችላለሁ፤ እጀታው በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል፣ አፉ አካባቢ ዝጓል። አንድም ጌጥ የለው። ብሩን ሰጠሁት፣ ሄደ። እኔና እነዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንገናኘው ሰዎች የምናዘጋጀው ለእንደዚያ ዓይነት ሌሊት ነው ብለን ነው። የመጣብኝ ሌሊት ግን የእኛን ጠመንጃዎች አይመስልም ነበር።

መብራቱን ግን አልነቅለውም። ሽማግሌው እንደነገረኝ፣ በጨለማ ኮሽ ሲል መጀመሪያ ማየት ነው፤ ውኃ ሊጠጣ የተነሳ ልጅህ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ፊልም ላይ እንደምናየው ሾትገን ሳይነጣጠር ክፍሉን ሙሉ የሚያጸዳ መጥረጊያ አይደለም። በክሾት የሚባለው ጥይት ውስጥ ብዙ ጊዜ 8 ወይም 9 ፍሬ እርሳስ አለ፤ ከሳሎን ጫፍ እስከ ጫፍ ባለው ርቀት የቡጢ ያህል ቢበተን ነው። ስለዚህ ማየትም ማነጣጠርም ግድ ነው። የኔ ልጆች ስላሉ ደግሞ ብረት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ነው የሚያድረው፣ ጥይቱ ለብቻው።

አሁን አያቴ። ቢቸና ነው፣ ጎጃም። ውጅግራ ነበረው፣ ከአባቱ የወረሰው። ውጅግራ የሚለው ስም ራሱ ፉዚል ግራ ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ በፈረንጆቹ 1874 የወጣ፣ አንድ አንድ ጥይት የሚጎርስ፣ ዓድዋ ላይ የዋለ የጠመንጃ ዓይነት። የአያቴ ሰደፉ ተሰንጥቆ ስለነበር በእርጥብ ቆዳ ተጠፍሮ እዚያው ላይ ደርቆበታል። ያ ነበር ጌጡ፤ ስፌቱ አውራ ጣቴን ሲቧጥጠኝ አስታውሳለሁ። ለሠርግ ወይም ለትልቅ ሰው ለቅሶ ካልሆነ ከቆጡ አይወርድም። የወረደ ቀን ግን አያቴ ወልውሎት፣ ዝናሩን ከወገቡ ታጥቆ፣ ጋቢውን ደርቦ ሲወጣ ሌላ ሰው ነው። ሲፎክር ድምፁ ከየት እንደሚመጣ አላውቅም፤ በአዘቦት ቀን እኮ ጉሮሮውን የሚያመው ሰው ነው።

ደብረ ማርቆስ የተነሳው አንድ ፎቶ አለው። ቆሟል፣ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አድርጎ። ፎቶውን ስታዩት ዓይናችሁ የሚሄደው ፊቱ ላይ ነው፣ ዝናሩ ላይ ነው፣ እግሩን እንዴት እንደተከለ ነው። ውጅግራው ግማሹ ከፎቶው ውጭ ቀርቷል።

እዚህ ሰዎች የሚያሳዩኝን ፎቶ ልንገራችሁ። ጠመንጃው ተኝቷል። አልጋ ልብስ ላይ፣ አበባ ያለው። ወይ ምንጣፍ ላይ። ወይ የጓሮ ጠረጴዛ ላይ፣ ጥይቶቹ አጠገቡ እንደ ፈንዲሻ ተበትነው። በደንብ ካያችሁ ጥግ ላይ የድመት ጭራ ልታገኙ ትችላላችሁ። ሰው የለም። የአገሬ ሰው ዝናሩን ራሱ ነበር የሚታጠቀው፤ እዚህ ጥይቱን ጎኑ ላይ የደረደረው ጠመንጃው ነው። ሰውዬው ካሜራው ጀርባ ቆሟል፣ እጁን የት እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት።

እኔም አነሳሁ፣ አልዋሽም። አልጋ ልብሳችን አላምር ስላለኝ ጋቢ አነጠፍኩ፣ እናቴ የላከችልኝን፣ ጥለቱ ወደ ላይ እንዲታይ አድርጌ። 870ን አስተኛሁበት። መብራቱን አበራሁት። ቆንጆ ፎቶ ወጣው። ለሬንጅ ሰዎች ላክሁ፣ ለእናቴም ላክሁ።

እናቴ በድምፅ መለሰች። «ጎሽ፣ ጋቢው ደርሶሃል። አንተስ የታለህ?»

ከሬንጅ ሰዎች ደግሞ አንዱ ስለ ሰደፉ ጠየቀ፣ አንዱ አውራ ጣት ላከ። ሽማግሌው ብቻ ደወለልኝ። ይሄ ሁሉ ጌጥ ተደርጎ ሰውዬው የጠየቀኝ፣ ያ ነጭ ጨርቅ በእጅ ነው የተፈተለው ወይ፣ ይሞቃል ወይ፣ ስንት ነው የሚል ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ይበርደዋል፤ ያንን ያን ቀን ነው የነገረኝ።

አሁን ባለቤቴ ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው አንድ አስመጥታለታለች፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ እወስድለታለሁ። ለሞስበርጉ እንዳያለብሰው ብቻ ነው የምፈራው።

በሉ፣ ልጆቹ እየጠሩኝ ነው። ሰላም ሰንብቱ።