አፍ ላይ ያለ መልስ

(በቴሌቪዥን የጠቅላላ እውቀት ውድድር ዋዜማ ለተወዳዳሪዎችና ለቤተሰቦቻቸው የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ተወዳዳሪዎች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወላጆች፣ ወራቱን ሙሉ አብራችኋቸው የደከማችሁ አሠልጣኞች፤ እንደምን ዋላችሁ።

ነገ ጠዋት ስቱዲዮ ትገባላችሁ። አዘጋጆቹ «አንተም በቦታው ቆመህ ታውቃለህና ለልጆቹ የምትላቸው አታጣም» ብለው ሲጋብዙኝ፣ ሌሊቱን ሳስብ ያደርኩት ያሸነፍኳቸውን ዙሮች አይደለም። አንዲት ጥያቄ ናት ያሳደረችኝ።

የመጨረሻው ዙር ነው። ከተፎካካሪዬ ጋር በነጥብ እኩል ነን። አቅራቢው «የኬሚስትሪ ምልክቱ ደብሊው የሆነው ንጥረ ነገር ማን ይባላል?» ብሎ ጠየቀ። ቀድሜ ቁልፉን ተጫንኩ፤ አውቀዋለሁና! የአምፖል ቀጭን ሽቦ ከእሱ እንደሚሠራ አውቃለሁ። ከብረቶች ሁሉ ለመቅለጥ ከፍተኛውን ሙቀት የሚጠይቀው እሱ እንደሆነ፣ 3,422 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እንደሚፈጅ አውቃለሁ። ያነበብኩበት ገጽ፣ ከገጹ በስተቀኝ ያለው የአምፖል ሥዕል ሳይቀር ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ስሙ ግን የለም። አፌ ላይ ነው፤ አልወጣም አለ። ሰከንዶቹ አለቁ፣ ጥያቄው ወደ ተፎካካሪዬ ዞረ። እሱም ረጋ ባለ ድምፅ «ተንግስተን» አለ።

ያን ዕለት ያዘንኩት ስለ ዋንጫው ብቻ አልነበረም። የማላውቀውን ብጠየቅ ኖሮ ቀና ብዬ እወጣ ነበር። የማውቀውን መናገር አለመቻሌ ግን ለብዙ ጊዜ አልለቀቀኝም። ምን እንደሆንኩ ለመረዳት ማንበብ የጀመርኩትም ከዚያ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1966 ሮጀር ብራውንና ዴቪድ ማክኒል የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ስለዚሁ ነገር አንድ ጥናት አሳተሙ። ለተማሪዎች ብዙም የማይዘወተሩ ቃላትን ፍቺ እያነበቡ ቃሉን እንዲናገሩ ይጠይቋቸዋል። «አፌ ላይ ነው» የሚሉት ተማሪዎች ቃሉን ማውጣት ባይችሉም እንኳ የመጀመሪያ ፊደሉን፣ ስንት ቀለም እንዳለው ብዙ ጊዜ በትክክል ይገምቱ ነበር። ቃሉ ውስጣቸው አለ ማለት ነው። የጠፋው መውጫው መንገድ ነው። የእኔም አምፖል፣ የእኔም ገጽ፣ ያ ሁሉ ሥዕል በሩ ድረስ ደርሶ በሩ አልከፈት ያለው ለዚህ ነው።

መንገዱ ለምን አልነበረኝም? ይህንን ለመቀበል ጊዜ ወስዶብኛል። ለውድድሩ ስዘጋጅ አነብ ነበር፤ አነብና አሰምር ነበር፤ ያሰመርኩትን መልሼ አነብ ነበር። መጽሐፉን ዘግቼ «ስሙ ማን ነው?» ብዬ ድምፄን አውጥቼ ራሴን የጠየቅኩበትን ቀን ግን አላስታውስም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ ባሳተሙት ጥናት አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎችን፣ አንብበው ከዚያ ሳያዩ ራሳቸውን ከፈተኑ ተማሪዎች ጋር አነጻጽረዋል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ራሳቸውን የፈተኑት በለጡ። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ደጋግሞ ያነበበ ሰው ገጹን ሲያየው ይለየዋል፤ መለየቱንም ማወቅ ይመስለዋል። ስቱዲዮ ውስጥ ግን ገጹ የለም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ አዲስ መጽሐፍ አትክፈቱ። ወንድም ወይም እህት፣ እናት ወይም አባት ጥያቄ ያንብብላችሁ፤ እናንተ ቆማችሁ፣ ድምፃችሁን አውጥታችሁ መልሱ። መልሱን ስታውቁት በልባችሁ «እሱማ ቀላል ነው» ብላችሁ አትለፉ። ስሙን ጥሩት።

አሁን ስለ ቁልፉ ላውራ፤ ተመልካች ቤቱ ተቀምጦ የማያየው ውድድር ያለው እዚያ ነው። «ጄፓርዲ» የተባለውን የአሜሪካ ውድድር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እዚያ አቅራቢው አንብቦ ሳይጨርስ የተጫነ ተወዳዳሪ ቁልፉ ለሩብ ሰከንድ ይቆለፍበታል። ሩብ ሰከንድ ለተመልካች ምንም አይደለም። ሦስቱም ተወዳዳሪዎች መልሱን በሚያውቁበት ጥያቄ ግን ያቺ ሩብ ሰከንድ ነጥቡን ለሌላ ሰው ትሰጣለች። ኬን ጄኒንግስ እ.ኤ.አ. በ2004 በተከታታይ 74 ጊዜ አሸንፎ ከ2.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲወስድ፣ ከእውቀቱ ሌላ ይህን የእጅ ምት እንደሌላው ሁሉ ሳይሆን በሚገባ ተክኖበት ነበር። ልምምድ ላይ እስክሪብቶ ይዛችሁ በአውራ ጣታችሁ ምቱ፤ የጥያቄ አንባቢው ድምፅ የት ላይ እንደሚወርድ ጆሯችሁ ይልመደው። እጃችሁ ለብቻው መማር አለበት።

የእናንተ ውድድር ግን ጥያቄው ሳያልቅ መጫንን ይፈቅዳል፤ ፈተናውም ያ ነው። አቅራቢው «የአውስትራሊያ ትልቋ ከተማ ሲድኒ ናት…» ሲል ብዙ ልጅ እጁ ይቸኩላል፤ «ዋና ከተማዋስ?» ብሎ ይጨርሳል ብሎ ካንቤራ ይላል። ጥያቄው ግን «…የቪክቶሪያ ግዛት መቀመጫስ?» ሊሆን ይችላል፤ መልሱም ሜልበርን ነው። ጥያቄ አውጪ መጀመሪያ ላይ የሚታወቅ ነገር አስቀምጦ መሐል ላይ መታጠፊያ ያበጃል። መታጠፊያው እስኪያልፍ ድረስ ጣታችሁ ቁልፉ ላይ ይሁን እንጂ አይውረድ።

የነጥቡንም ሒሳብ ዛሬውኑ ጨርሱት፤ መድረክ ላይ ሒሳብ አይሠራም። ትክክል 10 የሚያስገኝ፣ ስህተት 10 የሚያስቀንስ ከሆነ፣ ከግማሽ በላይ እርግጠኛ ስትሆኑ መጫን ያዋጣል። ስህተት 5 ብቻ የሚያስቀንስ ከሆነ ግን ከሦስት አንድ እጅ በላይ እርግጠኛ መሆን ይበቃል። በሁለተኛው ደንብ ዝም የሚል ጎበዝ ልጅ፣ ደፍሮ በሚገምት መካከለኛ ልጅ ሲሸነፍ አይቻለሁ፤ ልጁ የተሸነፈው በእውቀት ማነስ አልነበረም፤ ከራሱ ግምት ጋር ስላልተዋወቀ ነው። በልምምድ ወቅት ከእያንዳንዱ መልስ አጠገብ «እርግጠኛ»፣ «ይመስለኛል»፣ «ግምት» ብላችሁ ጻፉ። «ይመስለኛል» ካላችኋቸው ስንቱ ልክ እንደነበር ቁጠሩ። ብዙዎቻችሁ ከምታስቡት በላይ ልክ ናችሁ።

በእርግጠኝነት ጉዳይ የማደንቀው አንድ ተወዳዳሪ አለ። ጆን ካርፔንተር ይባላል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 19 ቀን 1999 በአሜሪካው «ሚሊየነር» ውድድር ላይ የሚሊዮን ዶላሩ የመጨረሻ ጥያቄ ላይ እስኪደርስ ድረስ፣ ከተፈቀዱለት እርዳታዎች አንዱንም አልነካም። በዚያ ጥያቄ ላይ ስልክ መደወል እፈልጋለሁ አለና አባቱ ጋር ደወለ። አባቱ መስመሩ ላይ ሲመጡ እርዳታ እንደማይፈልግ፣ የሚሊዮኑን ዶላር ጥያቄ እንደሚመልስ ሊነግራቸው ብቻ እንደደወለ ገለጸ። ከዚያ መልሱን ተናገረ፤ ልክ ነበር። ይህን የማነሳው እንድትኮርጁት አይደለም። አንድ ሰው በሚያውቀውና በማያውቀው መካከል ያለውን ወሰን እንዲህ አጥርቶ ሲያይ ምን ያህል ነጻ እንደሚሆን እንድታዩ ነው።

ያው ወሰን ታላላቆችንም ይይዛል። ጄኒንግስ ራሱ የተሸነፈበት የመጨረሻ ፍንጭ፣ 70,000 ያህል ወቅታዊ የቢሮ ሠራተኞች ያሉትና አብዛኞቹም በዓመት አራት ወር ብቻ የሚሠሩለት ድርጅት የቱ እንደሆነ የሚጠይቅ ነበር። መልሱ የግብር ማስታወቂያ የሚያዘጋጅ ድርጅት ነው። እሱ የእሽግ አመላላሽ ድርጅት ጻፈ። 74 ጊዜ ያሸነፈ ሰው በአንድ ፍንጭ ሄደ። በኋላ ያው ሰው የዚያው ውድድር አቅራቢ ሆነ።

ወላጆች፤ ለእናንተ የምለው አጭር ነው። ልጃችሁ ሲሳሳት ካሜራው ወደ እናንተ ይዞራል። ፊታችሁን ልጁም ያየዋል። በእረፍቱ ላይ «እንዴት ይህን አታውቅም?» አትበሉት። ውሃ ስጡት።

አሁን ከልቤ ወደምወደው ነገር ልምጣ። ይህን ውድድር የምወደው ጥያቄው ለሁሉም እኩል ስለሚነበብ ነው። ማን የማን ልጅ ነው፣ ምን ለበሰ አይልም። ታዲያ ይህ ከተበላሸ ሁሉ ነገር ተበላሸ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ «ትዌንቲ ዋን» የተባለ ውድድር ነበር። ሕዝብ በሚሊዮን ቁጥር ያየው ነበር። ኸርበርት ስቴምፕል የተባለ አሸናፊ፣ ቦታውን ይበልጥ ለሚወደድ ተወዳዳሪ እንዲለቅ አዘጋጆቹ አንድ ጥያቄ እንዲስት አዘዙት። የተጠየቀው እ.ኤ.አ. የ1955 ምርጥ ፊልም ተብሎ የኦስካር ሽልማት ስላገኘ ፊልም ነበር፤ ስቴምፕል ፊልሙን አሳምሮ ያውቀዋል፣ ይወደዋልም። በሕዝብ ፊት ሌላ ስም ተናገረ። ቦታውን የያዘው ቻርልስ ቫን ዶረን ጥያቄና መልስ አስቀድሞ ይሰጠው እንደነበር እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 1959 በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ተናዘዘ። በቀጣዩ ዓመት እንዲህ ያለውን ማጭበርበር ወንጀል የሚያደርግ ሕግ ወጣ።

እኔ የስቴምፕልን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ተንግስተን ትዝ ይለኛል። እኔ አውቄ መናገር አቃተኝ፤ እሱ ግን እያወቀ እንዳይናገር ተደረገ። የእሱ ይብሳል። ስለዚህ ነገ ማንም፣ የፈለገ ሰው ይሁን፣ በኮሪደር ላይ ጠጋ ብሎ «አንዷን ጥያቄ ልንገርህ» ቢላችሁ፣ ጆሯችሁን ያዙና ወደ ዳኛው ሂዱ። በዚያ መንገድ የሚገኝ ነጥብ ላይ የእናንተ ስም አይጻፍበትም።

ከዚያ ሽንፈት በኋላ መጋረጃው ጀርባ ተፎካካሪዬ መጥቶ ጨበጠኝ። «አውቀኸው ነበር፤ ዓይንህ ላይ አይቼዋለሁ» አለኝ። እንዴት እንዳስታወሰው ጠየቅኩት። ታናሽ እህቱ ሁልጊዜ ማታ የንጥረ ነገሮቹን ምልክት እየጠራች እሱ ስሙን እንደሚመልስላት ነገረኝ። ለእሷ ጨዋታ ነበር፤ እስክትተኛ ድረስ ትጠራለች፣ እስክትተኛ ድረስ ይመልሳል።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ቁልፎች አምጥቻለሁ፤ ልክ እንደ ነገዎቹ ናቸው። ጥያቄዎቹ በእጄ ናቸው። ከፊት ረድፍ የተቀመጣችሁ ሦስታችሁ ኑ፣ ቁሙ፤ ቁልፉን በአውራ ጣታችሁ ያዙት። የመጀመሪያውን ላንብብ።